የሐረግ ቆጣሪዎቹ ዝምታ

በጎጃም የአረጋዊ ትዝታ መሬት ያስገኝ ነበር። ርስት የሚወረሰው በትውልድ ስለነበር፣ ከአቅኚው አባት አንሥቶ ማን ማንን እንደወለደ የሚቆጥር ሽማግሌ በሙግት ጊዜ መዝገብ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ሥርዓት ነበር። ኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣና ቢቸና ያመፁትም ግብሩ ከብዷቸው ብቻ አይደለም፤ መሬቱ በቀላድ ከተለካ ርስት ይሄዳል ብለው ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ርስት ቀረ። መሬት የሚያድለው የገበሬ ማኅበር ሐረግ አይጠይቅም ነበር። የጎጃሟ የጥኖራ ከዚያም አልፋ በአገር የታወቀች ሞዴል የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነች። በእንዲህ ያለ ማኅበር ምርት የሚከፋፈለው በሥራ ነጥብ ነበር፤ ጉልበቱ የደከመ፣ ነጥቡም ያንስ ነበር። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበራቱ ፈረሱ። በ1989 የመሬት ሽግሽግ መጣ፤ በቀድሞው ሥርዓት ሹም ነበር ተብሎ «ቢሮክራት» ለተባለው የተተወለት እስከ 1 ሄክታር ብቻ ነበር። ቀጥሎ የይዞታ ደብተር ታደለ፤ ወሰኑን ወረቀት ያዘው።

በ1967 የ30 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ 80 አልፏል። ይህ ሁሉ የመርሳት በሽታ አመጣበት አልልም። ሐረጉን የሚጠይቀው ማጣቱ ግን ያሳዝነኛል። እሱ ዝም ሲል «ጃጅቷል» ብለን እናልፈዋለን፤ በዚያች አንዲት ቃል ሁለት ሕመም እንቀብራለን። ልጁን ቀብሮ ወይም ሚስቱን አጥቶ እንቅልፍና ምግብ የራቀው፣ ከጽዋ ማኅበሩ ጠበል ጠዲቅ የቀረ ሰው ይረሳል፤ ልቡ እዚያ ስለሌለ። ይህ ድብርት ነው፤ ይታከማል፤ ሲሻለው ትዝታውም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የመርሳት በሽታ ግን በዓመታት ቀስ ብሎ የሚገባ ነው። ሁለቱ አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። የላንሴት ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ቆጥሮ፣ እነሱ ቢታረሙ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል፤ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የደም ግፊት፣ ያልታከመ የጆሮና የዓይን ድካም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ትራኮማ በጸናበት በአማራ ክልል የዓይኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ድብርት የያዛቸው አዛውንት ሲጠየቁ «ኧረ እኔ አላውቅም፣ ረሳሁ» ይላሉ፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙዎቹ መርሳታቸውን ይሸፍናሉ። ቤተሰብ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፦ «ሰባት አባት ቆጥረው የለም እንዴ፣ ምን ሆኑ?» ይላል። የጥንቱ የሚጠፋው ግን በስተመጨረሻ ነው። የሚጠየቀው የትናንቱ ነው፤ ማን እንደመጣ፣ በሬው የት እንዳደረ።