የአኩሪ አተርን ምርት የሚያሳድገው ሕያው ማዳበሪያ

አኩሪ አተር በጃዊ፣ በፓዌ፣ በአሶሳ፣ በጅማና በሌሎች የሀገራችን አካባቢዎች የሚለማ፣ ለምግብ፣ ለዘይትና ለእንስሳት መኖ የሚውል ሰብል ነው። ከፍሬው 40 በመቶ ገደማው ፕሮቲን በመሆኑ ከፍተኛ መጠን ያለው ናይትሮጅን ይፈልጋል።

ከአየር ውስጥ 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ዕፅዋት በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። ይህን የሚያስችሉት ብራዲራይዞቢየም የተባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያዎቹ በሰብሉ ሥር ላይ ትናንሽ እባጮችን በመፍጠር የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጣሉ። ተክሉም በምላሹ ምግብ ይሰጣቸዋል።

የአኩሪ አተር መነሻ ምሥራቅ እስያ ነው። በዚህም ምክንያት ሰብሉ ተዘርቶበት በማያውቅ ማሳ ተስማሚው ባክቴሪያ ላይገኝ ይችላል፤ ቢገኝም ቁጥሩ አነስተኛ ነው። የባቄላ፣ የአተር ወይም የሽምብራ ባክቴሪያም ሊተካው አይችልም። ስለሆነም አርሶ አደሩ ሕያው ማዳበሪያ ሲገዛ ለአኩሪ አተር የተዘጋጀ መሆኑንና የመጠቀሚያ ጊዜው አለማለፉን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ማዳበሪያው ሕይወት ያለው በመሆኑ ሙቀትና ፀሐይ ይገድሉታል። እስኪዘራ ድረስ ቀዝቃዛና ጥላ ባለበት ስፍራ ይቀመጣል። በዘር ወቅት ዘሩን ስኳር በተበጠበጠበት ጥቂት ውኃ ማርጠብ፣ በማሸጊያው ላይ በተመለከተው መጠን ማዳበሪያውን ጨምሮ በጥላ ሥር በቀስታ መለወስ ያስፈልጋል። የተለወሰው ዘር በዚያው ዕለት እርጥበት ባለው አፈር ተዘርቶ ወዲያውኑ መሸፈን አለበት። ከኬሚካል ማዳበሪያ ወይም ከፀረ ተባይ ጋር መቀላቀል ባክቴሪያውን ይጎዳል።

ውጤቱን አርሶ አደሩ በራሱ ማሳ ሊመለከት ይችላል። ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው በጥንቃቄ ቆፍሮ ያወጣል፤ ከዚያም እባጮቹን ሰንጥቆ ያያል። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጭ ከሌለ፣ የግብርና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ሕያው ማዳበሪያ ብቻውን የተሟላ መፍትሔ አይሆንም። ባክቴሪያው ናይትሮጅንን እንጂ ፎስፈረስን አይተካም። በአሲዳማ አፈርም ስለሚዳከም መሬቱን በኖራ ማከም ያስፈልጋል። ዩሪያ በብዛት መጨመር ደግሞ የእባጮቹን መፈጠር ይቀንሳል፤ በዚህም አርሶ አደሩ ሁለት ወጪ አውጥቶ የአንዱን ጥቅም ያጣል።

በአግባቡ ከተጠቀሙበት ግን የዩሪያ ወጪን ይቀንሳል። በአጨዳ ወቅት ተክሉን ከመንቀል ይልቅ አጭዶ ሥሩንና ቅጠሉን በማሳው መተው ደግሞ ቀጥሎ ለሚዘራው በቆሎ ወይም ማሽላ የአፈሩን ለምነት ለመጠበቅ ያግዛል።