ቁልፉ በማን እጅ ነው?



ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ በኮሚቴ አባልነት በማገለግልበት አንድ ተቋም የኮምፒዩተር ሥርዓቱ ድንገት ቆመ። የተቋሙ ባለሙያዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ሙያው ጠፍቷቸው ሳይሆን በሩ ስለተዘጋባቸው ነው። ሰርቨሩን፣ ኔትወርኩንና የመረጃ ቋቱን በኮንትራት የሚያስተዳድረው ድርጅት ዋናውን የይለፍ ቃል ለራሱ ብቻ ይዞት ነበርና። ሁለት ቀን ጠበቅን። ውሉ ወጥቶ ሲነበብ ስለ ክፍያ ብዙ ተጽፎበታል፤ ስለ ርክክብ ግን አንዲት ቃል አልነበረችበትም።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የኮምፒዩተር ሊቅ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ከኮምፒዩተር በዕድሜ ይበልጣልና ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የአይቲን ሥራ ለሌላ ድርጅት መስጠት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የአይቢኤም ሻጭ የነበሩት ሮስ ፔሮ በ1962 ኢ.ዲ.ኤስ. የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው የሌሎችን የመረጃ ሥራ በክፍያ መሥራት ጀመሩ። በ1989 ታላቁ ኮዳክ የመረጃ ማዕከሎቹን ለአይቢኤም ሲያስረክብ ብዙዎች ተደነቁ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ፊልም የሚያመርት ፊልሙን ያምርት፣ ኮምፒዩተሩን የሚያውቅ ይያዝለት የሚል ነው።

እኛም ይህን መንገድ ቀደም ብለን እናውቀዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1905 ለግብፅ ብሔራዊ ባንክ የ50 ዓመት መብት ሰጡ፤ የአቢሲኒያ ባንክም በ1906 ሥራ ጀመረ። አመራሩ በውጭ ሰዎች እጅ ነበር። በ1931 መንግሥት ባንኩን ጠቅልሎ የኢትዮጵያ ባንክን ሲያቋቁም ስሙና ባለቤቱ ተለወጡ፤ ገዥው ግን የቀድሞው ባንክ ገዥ የነበሩት ኮሊየር ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ሙሉ ወንበሩን የሚረከብ የአገር ልጅ አልተዘጋጀም ነበር። ንብረትን በአዋጅ መረከብ ይቻላል፤ ዕውቀትን ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ምሳሌ የተሻለ ነው። መንግሥት በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋውሎ አየር መንገዱን አቋቋመ። በ1946 ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ሥራ አስኪያጁም አብራሪውም የውጭ ሰው ነበር። ነገር ግን ከሥራው ጎን ለጎን ሥልጠናው ቀጠለ። በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። «ዘገየ» የሚል ተቺ ቢኖር አልፈርድበትም። ቢሆንም መንገዱ ወደ ቤት የሚያደርስ መንገድ ነበር።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ሲቋቋም አመራሩ ለሁለት ዓመት ለፍራንስ ቴሌኮም ተሰጠ። ውሉ የመውጫ ጊዜ ያለው መሆኑ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን አየር መንገዱ አንድ ካፒቴን ለማፍራት ከአሥር ዓመት በላይ እንደፈጀበት ለሚያስታውስ ሰው፣ የመላ አገሪቱን የቴሌኮም አመራር ለመልመድ ሁለት ዓመት አጭር ነው። የጊዜ ገደብ ብቻውን አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ከባለሙያው ጎን የተቀመጠ ተማሪ ነው።

ከሦስቱ የምንማረው የውጭ እጅ ሁሉ ክፉ ነው የሚለውን አይደለም። ባለሙያ መቅጠር ብልህነት ነው፤ ባለሙያው ሲሄድ ባዶ እጅ መቅረት ግን የአስተዳደር ጉድለት ነው። ጉዳዩ የአንድ ሱቅ ኮምፒዩተር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገር ግን የባንክ ሒሳባችን፣ የግብር መዝገባችንና የልጆቻችን ውጤት የሚቀመጡት በእነዚሁ ማሽኖች ውስጥ ነው። ሥራን በኮንትራት መስጠት ይቻላል፤ ለሕዝብ የሚሰጥ መልስ ግን በኮንትራት አይሰጥም።

ስለዚህ ፊርማ ከመኖሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ የይለፍ ቃሉ ቅጂ በማን እጅ ይሆናል? ከጎኑ ሆኖ የሚማረው ማን ነው? ርክክቡ መቼና እንዴት ይፈጸማል? እነዚህ ያልተመለሱበት ውል፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ውድ ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ቸር እንሰንብት።