አገር የናፈቀውና ልጅነት የናፈቀው

ፒያሳን ያወቀ ሰው ዛሬ በአራዳ ሲያልፍ ዓይኑ የሌለ ነገር ይፈልጋል፡፡ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ፣ ከአገር ሳይወጡ መናፈቅ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን ቀምሰናል፡፡ ይህ ናፍቆት ነው ወደ ሁለት ገጣሚዎች የመለሰኝ፤ ወደ ገብረ ክርስቶስ ደስታና ወደ ሰሎሞን ዴሬሳ፡፡

የአውሮፓ ሮማንቲኮች የግጥማቸውን ምንጭ ከተፈጥሮና ከልጅነት ቀድተዋል፡፡ የእኛዎቹ ሁለቱ በአጻጻፋቸው ዘመናውያን ቢሆኑም፣ ይህን ውርስ የተካፈሉት ይመስላል፡፡

ገብረ ክርስቶስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ሐረር ተወለደ፡፡ ሥዕልን በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ በ1962 ተመለሰ፤ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ፡፡ «ሀገሬ» የተሰኘው ግጥሙ የባዕድ አገር ብርድ የወለደው ነው፡፡ በግጥሞቹ ቃል እየደጋገመ፣ ምስል በምስል ላይ እየደረበ፣ እንደ ጸሎት ያዜማል፡፡ አንባቢውን አያደናግርም፤ ስሜቱን ገልጦ ይሰጠዋል፡፡

ሰሎሞን ግን ሌላ ነው፡፡ በ1937 (እ.ኤ.አ.) በወለጋ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ጋዜጠኛና ሐያሲም ሆነ፡፡ በ1963 ዓ.ም. ያሳተመው «ልጅነት» የለመድነውን ቤት መምታት ቸል ቢል ብዙዎችን አስቆጣ፡፡ ስንኙ ይሰበራል፤ ትዝታው ተቆራርጦ ይመጣል፡፡ የልጅነት ትዝታስ መቼ በተስተካከለ ዜማ መጥቶ ያውቃል?

ልዩነታቸው አላራራቃቸውም፡፡ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ሰሎሞን በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ስለ ገብረ ክርስቶስ ሥዕልና ግጥም ሰፊ ጽሑፍ አወጣ፡፡ አንዱ የሌላውን ድምፅ ቀድሞ ሰምቶት ነበር ማለት ነው፡፡

ፍጻሜያቸው ግን ያሳዝናል፡፡ አገሩን ያን ያህል የናፈቀው ገብረ ክርስቶስ በደርግ ዘመን ተሰድዶ በ1981 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ዐረፈ፡፡ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተባለው የግጥም መድበሉ የታተመው እርሱ ከሞተ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው፡፡ ሰሎሞንም በ2017 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ አረፈ፡፡

ገብረ ክርስቶስ የናፈቀው ቦታን ነበር፤ መንገድ ቢያገኝ ሊመለስበት ይችል ነበር፡፡ ሰሎሞን የናፈቀው ጊዜን ነው፤ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም፡፡ በፈረሰው መንደር አጠገብ ቆሜ ሳስብ የእኛ ናፍቆት የሁለቱም ሆኖ አገኘዋለሁ፡፡ ቤቶቹ እንዳሉ ቢቆሙ እንኳ፣ በዚያ ደጃፍ ይጫወት የነበረው ልጅ አይመለስም፡፡ ቢሆንም ቤቱ ቢኖር ኖሮ፣ ቢያንስ የት ይጫወት እንደነበር በጣታችን እናሳይ ነበር፡፡