አሞሌ ተሸካሚው አጋሰስና የጋለው ብረት

ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ኢትዮጵያ ታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ በዋግ ደጋ ላይ የሚጓጓዘው በሲራራ ነጋዴው በቅሎና አህያ ጀርባ ነበር። አጋሰስ ሲያረጅ የእግሩ መገጣጠሚያዎች በቁርጥማት ይያዛሉ፤ በገጠራችን የቆየው መድኃኒትም በጋለ ብረት መተኮስ ነው።

ልማዱ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም አንካሳ ፈረስን ለዘመናት ሲተኩሱ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት ግን፣ መተኮስ የተጎዳ ጅማትን ለማዳን እንደማይረዳ አሳየ። በ1991 የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ድርጊቱን ከሙያ ሥነ ምግባር ውጭ አደረገው።

ታዲያ የተተኮሰው እንስሳ አንዳንዴ የሚሻለው ስለ ምንድን ነው? ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ስለማይጫን ነው። ፈዋሹ ዕረፍቱ እንጂ እሳቱ አይደለም። የመገጣጠሚያ ልም አጥንት አንዴ ካለቀ አይመለስም፤ ሕመሙ ግን ጭነት በመቀነስ፣ በለስላሳ ሜዳ በዝግታ በማንቀሳቀስ፣ ሰኮናን በማስተካከል፣ ሲያስፈልግም በፀረ ብግነት መድኃኒት ይቀላል።

ይሁንና በዋግ ገደላገደል አጋሰሱ ቆመ ማለት የባለቤቱ ገበያ ቆመ ማለት ነው። ስለሆነም ባለሙያው ብረቱን ሲያስጥል፣ ዕረፍቱ እንዳይቀር ከባለቤቱ ጋር ሊመክር ይገባዋል።