የተቀናጀ የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት

የተቀናጀ የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሥርዓት የአንድ ሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፣ መብራት፣ ሊፍት፣ የእሳት ማስጠንቀቂያና የበር መቆለፊያ መረጃ እየተለዋወጡ ከአንድ ቦታ እንዲታዘዙ የሚያደርግ የኮምፒውተር መረብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አሠራር

ሴንሰሮች ሙቀትን፣ የሰው መኖርን ወይም የካርቦን ዳይኦክሳይድን መጠን ይለካሉ። መቆጣጠሪያዎች ልኬቱን ከተፈለገው መጠን ጋር አነጻጽረው ቫልቭ፣ ፓምፕ ወይም ፋን ያዛሉ።

አመጣጥ

ጀማሪው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ሙቀትን በራሱ የሚያስተካክል ምድጃ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በሆላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል እንደተሠራ ይነገራል፤ ስኮትላንዳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አንድሩ ዩር ደግሞ በ1830 ተጣብቀው በሙቀት በሚታጠፉ ሁለት ብረቶች ለሚሠራ ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አግኝቷል። ወደ ሕንፃ ሲመጣ ግን ክርክሩ በሁለት ሰዎች መካከል ነው።

ዋረን ጆንሰን በዊስኮንሲን ግዛት በዋይትዋተር ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር። የማሞቂያው ሠራተኛ ሙቀቱን ለማየት ክፍል ለክፍል እየዞረ ትምህርቱን ያቋርጥበት ስለነበር፣ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲሞቅ ምድር ቤት ደወል የሚደውል የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት ሠራ፤ መብቱንም በ1883 አስመዘገበ። በሚኒያፖሊስ ደግሞ አልበርት ቡትስ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ የምድጃውን የአየር መዝጊያ በሞተር የሚከፍት፣ ሲሞቅ የሚዘጋ መሣሪያ በ1886 አስመዘገበ። የመጀመሪያው ኋላ ጆንሰን ኮንትሮልስ የተባለውን ኩባንያ፣ ሁለተኛው የሃኒዌልን መነሻ አስገኝተዋል፤ ታሪኩ ሲጻፍ የአንደኛው ወይም የሌላው ስም ጎልቶ የሚወጣውም ከዚህ የተነሣ ይመስላል። የጆንሰን ደወል ያለ ሠራተኛው እጅ ምንም አይለውጥም ነበር፤ የቡትስ መሣሪያ ግን ራሱ ያስተካክላል። ስለዚህ መቆጣጠር ማለት ማስተካከል ከሆነ ቅድሚያው ለቡትስ የሚገባ ይመስላል። በአንጻሩ ብዙ ክፍሎችን ከአንድ ማዕከል ጋር የማገናኘቱ ሐሳብ ወደ ጆንሰን ያደላል፤ በ1895 በታመቀ አየር የብዙ ክፍሎችን ሙቀት ለየብቻ የሚመራ ሥርዓት አስመዝግቧልና።

የዲጂታል መቆጣጠሪያዎች ሲስፋፉ የአንዱ አምራች ዕቃ ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር፤ ባለ ሕንፃውም ለመለዋወጫውም ለጥገናውም ከአንድ ሻጭ ጋር ታስሮ ይቀር ነበር። በአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ሥር፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ማይክል ኒውማን ሰብሳቢነት፣ በ1987 ሥራ የጀመረ ኮሚቴ ባክኔት የተባለውን የጋራ ደንብ አዘጋጀ፤ ደንቡ በ1995 ታተመ፣ በ2003 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። በአውሮፓ ደግሞ ኬኤንኤክስ የተባለው ደንብ ከሦስት ቀደምት ደንቦች ውህደት ተወልዷል።

ጥቅሞች

በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ የኒው ዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። በ1931 የተከፈተው ይህ ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ በ2009 ይፋ በሆነ የእድሳት ዕቅድ የኃይል ፍጆታውን በ38 በመቶ፣ ወጪውን በዓመት በ4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚቀንስ ተሰልቶ ነበር። ስሙ የገነነው የ6,514 መስኮቶቹ መታደስ ነው። ይሁንና በስሌቱ ከ38ቱ መቶኛ መስኮቶቹ የያዙት ድርሻ 5 ያህል ሲሆን፣ ከፍተኛውን ማለትም 9ኙን የያዘው ከመንገድ የማይታየው የዲጂታል መቆጣጠሪያ ማሻሻያ ነበር። አኃዙ የአንድ አሮጌና ግዙፍ ሕንፃ ስለሆነ ለሌላው እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

የቅንጅቱ ትርፍ አንዱ ሴንሰር ለብዙ ሥራ መዋሉ ነው፤ ሰው መኖሩን የሚያውቀው መሣሪያ መብራቱንም አየሩንም ይቀንሳል። በአንድ ክፍል ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ባንድ ጊዜ ሲሠሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ሥርዓት ከሌለ ብክነቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። በእሳት ጊዜ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ሊፍቶችን ወደ መውጫ ፎቅ ይጠራል፣ ጭስ እንዳይዛመት ፋኖችን ያቆማል፣ የመውጫ በሮችን ይከፍታል።

ስጋቶች

በ2013 ሁለት የደኅንነት ተመራማሪዎች በሲድኒ ወደሚገኘው የጉግል ቢሮ የሕንፃ መቆጣጠሪያ ሰርገው መግባት ችለው ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የታርጌት መደብሮች ላይ የደረሰው የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ስርቆትም ብዙ ጊዜ «በኤሲ በኩል የገባ» እየተባለ ይወራል። ሆኖም የተሰረቀው የማቀዝቀዣ ሥራ ተቋራጭ የይለፍ ቃል ሲሆን፣ ተቋራጩ እንደገለጸው ከታርጌት ጋር የነበረው ግንኙነት ለሂሳብ፣ ለውልና ለፕሮጀክት አስተዳደር ሥራ ብቻ ነበር።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ አየር ጠባይ ማቀዝቀዣ እንደ ሞቃት ከተሞች ዋና ወጪ አይመስልም፤ ቁጠባው ይበልጥ ከመብራት፣ ከውሃ ፓምፕና ከሊፍት የሚጠበቅ ነው። በ2022 እንደተመረቀው፣ 209 ሜትር ያህል ከፍታ እንዳለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ባሉ ረጃጅም ሕንፃዎች ውሃ ላይ ማውጣት ራሱ ቀላል የማይባል ኃይል ይጠይቃል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳም የተቀናጀ ሥርዓት የቱ ጭነት እንደሚቀድም መርጦ፣ ሊፍቶቹን አንድ በአንድ በማስነሳት ጄኔሬተሩ በአንዴ እንዳይጨናነቅ ያደርጋል።