በስሕተት እጅ የገባ ገንዘብ

በስሕተት የተከፈለን ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ማለት ነውር ነው ወይስ ወንጀል? ጥያቄው ባንክ ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን ይቀድማል። በኦሪት ዘፍጥረት የያዕቆብ ልጆች ከግብፅ እህል ሸምተው ሲመለሱ የከፈሉት ብር በየዓይበታቸው አፍ ተገኘ። አባታቸው ዳግመኛ ሲልካቸው፣ ነገሩ ስሕተት ሊሆን ይችላል ብሎ፣ የተገኘውን ብር ለአዲሱ ሸመታ ከሚያስፈልገው ጋር አድርገው ይዘው እንዲሄዱ አዘዘ። ማን እንዳስገባው አላወቀም፤ የእነሱ አለመሆኑን ማወቁ በቃው።

ጉዳዩን በሕግ ቋንቋ በጥንቃቄ ያስቀመጡት ሮማውያን ናቸው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የሕግ ሊቅ ጋይዮስ፣ ዕዳ ሳይኖርበት የተከፈለው ሰው ልክ እንደተበደረ ተቆጥሮ መመለስ አለበት ይላል። አባባሉ ትንሽ ግር ያሰኛል፤ ከፋዩ ዕዳውን ሊጨርስ እንጂ ሊያበድር አላሰበም፣ ጋይዮስም ይህን ራሱ ያነሣዋል። ፖምፖኒዮስ የተባለው ሌላው ሊቅ ምክንያቱን በአጭሩ ተናገረ፤ ማንም በሌላው ኪሳራ ሊበለጽግ አይገባም። እንደማይገባው እያወቀ የተቀበለው ሰው ግን በሮማ ሕግ ባለዕዳ ብቻ አልነበረም፣ ሌባ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተነሣው ክርክር ይብዛም ይነስም የሚሽከረከረው በዚሁ ላይ ነው፤ ተቀባዩ ምን ያውቅ ነበር? መቼስ አወቀ?

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ከዚህ የበለጠ ይጠይቁ ነበር። ቅዱስ አውግስጢኖስ በአንድ ስብከቱ ሚላን ውስጥ ስለነበረ ድኻ ይተርካል። ሰውየው በአንድ የሰዋስው መምህር ዘንድ ተላላኪ ነበር። 200 ያህል የወርቅ ሳንቲም ያለበት ከረጢት አገኘና ማስታወቂያ ጽፎ በአደባባይ ለጠፈ። ባለቤቱ መጥቶ የከረጢቱን ዓይነት፣ ማኅተሙንና የሳንቲሙን ቁጥር ሲናገር አስረከበው። ባለቤቱም 20 ሳንቲም ሊሸልመው ቢል እምቢ አለ፤ 10 ቢለው እምቢ፤ 5 ቢለው እምቢ። በመጨረሻ ባለገንዘቡ ተቆጥቶ ከረጢቱን ወረወረና፣ ከእኔ ምንም ካልተቀበልክ እኔም የጠፋብኝ ነገር የለም አለ። ድኻው ተሸንፎ ተቀበለ፤ የተቀበለውንም ወዲያው ለነዳያን አከፋፈለ። በጥብቅ ካየነው ይህ የወደቀ ገንዘብ እንጂ በስሕተት የተከፈለ አይደለም። አውግስጢኖስ ግን አግኝቶ አለመመለስን ከመቀማት አይለየውም።

በእንግሊዝ አገር ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ስሕተቱ ከከፋዩ ከራሱ ቸልተኝነት የመጣ ከሆነስ? ሶላሪ የተባለ ሰው የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1840 አረቦኑን ሳይከፍል ሞተና ውሉ ዋጋ አጣ። ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ ይህንኑ በውሉ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፎት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የሟቹ ሚስት ገንዘቡን ስትጠይቅ ሁሉም ረስተውት 197 ፓውንድ ገደማ ከፈሏት። ነገሩ በ1841 ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው ፓርክ፣ የረሳ ሰው እንዳላወቀ ይቆጠራል፤ መጠንቀቅ ይችል የነበረ መሆኑም ገንዘቡን ከማስመለስ አያግደውም አሉ። እውነቱ ምንም ይሁን ብሎ ሆነ ብሎ የከፈለ ብቻ መልሶ መጠየቅ አይችልም። ዳይሬክተሮቹ በእርግጥ ረስተው እንደሆነ እንዲጣራም ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ። ውሳኔው በመበለት ላይ የጨከነ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አታላይ አላላትም። የመመለስ ግዴታ ጥፋተኛ ከመሆን ጋር አንድ አለመሆኑን በግልጽ ያሳየው ይህ ነው።

ወንጀሉን በተመለከተ እንግሊዞች ከሮማውያን ይልቅ ለዘብተኛ ሆነው ቆዩ። በ1950ዎቹ አንድ የቀን ሠራተኛ አብዛኛውን የሳምንት ደመወዙን አስቀድሞ ወስዶ ሳለ፣ ይህን ያልሰማው ከፋይ ሙሉውን በፖስታ አሽጎ ሰጠው። ሠራተኛው ፖስታውን የከፈተው ቤቱ ገብቶ ነው፤ ትርፉንም አስቀረው። ሥራው የሚያሳፍር መሆኑን የካደ አልነበረም። ነገር ግን ፖስታውን ሲቀበል የመስረቅ ሐሳብ ስላልነበረው በ1956 ሌባ አይደለም ተባለ። ይህን ቀዳዳ የደፈነው የ1968ቱ የስርቆት ሕግ ነው፤ በሌላው ስሕተት ያገኘውን የመመለስ ግዴታ ያለበት ሰው፣ አልመልስም ብሎ ሲቆርጥ የሌላ ሰው ንብረት እንደወሰደ ይቆጠራል።

የሮማው ሐሳብ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በፈረንሳይ በኩል ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 2162 ጀምሮ ስለ አላግባብ መበልጸግ ይደነግጋል። መክፈል የሌለበትን የከፈለ ሰው ማስመለስ ይችላል፤ ዕዳ እንደሌለበት በሚገባ እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ግን አይችልም። ዳኛው ፓርክ በሌላ መንገድ የደረሱበትም ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 የአሜሪካው ሲቲባንክ ለመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ለሬቭሎን አበዳሪዎች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሊልክ ፈልጎ 900 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ላከ። በኮምፒዩተሩ ላይ ሦስት ሳጥኖች መመረጥ ሲገባቸው የተመረጠው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሰዎችም አይተው አጽድቀውታል። ግማሹን ያህል የተቀበሉት አልመልስ አሉ። ክርክራቸው ቀላል አልነበረም፤ የደረሳቸው ገንዘብ ካበደሩት ጋር በሳንቲም ሳይቀር እኩል ነበርና የገዛ ገንዘባችን ነው ማለት ቻሉ። በ2021 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረ፤ ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ገና አልደረሰም ነበር፣ ተቀባዮቹም ሊያስጠረጥር የሚችል በቂ ምልክት ነበራቸው።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በማሻሻያ ሥራ ምክንያት ሲበላሽ፣ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በስልክ ተዛመተና በየግቢው ኤቲኤም ሰልፍ ሆነ። ባንኩ የተወሰደበትን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አድርጎ አስታውቋል። ስሕተቱ የባንኩ ነው የሚለው ክርክር በሰፊው ተሰማ፤ ግን ብዙም አያስኬድም፤ የከፋይ ቸልተኝነት ለተቀባዩ መብት አይሰጠውም። ደግሞም የሶላሪ ሚስት የምትጠይቀው የሚገባት መስሏት ነበር፣ የቀን ሠራተኛውም ፖስታው ሲሰጠው አያውቅም ነበር፤ እዚህ ግን ያለውን ብር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው ቁጥሩን በራሱ ጣት የነካው። ባንኩ በፈቃዳቸው የሚመልሱትን እንደማይከስ አስታወቀ፤ የቀሩትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ።