ሰነፍ ነው ወይስ ሰልችቶታል?

ቦንጋም ይሁን አዲስ አበባ፣ አንደኛ ክፍል ብትገቡ መስኮት መስኮቱን የሚያይ አንድ ልጅ አታጡም። መምህሩ «ረባሽ» ይለዋል፣ ወላጅም ይቆጣል። እስኪ መለስ ብለን እንጠይቅ፦ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ያደርጉት ነበር?

የቄስ ትምህርት ቤትን አስታውሱ። ዱላውም ሽምደዳውም ብዙ ነበር፤ ይህን አንክድም። ሆኖም አንድ ደግ ነገር ነበረው። ፊደል የለየ ልጅ ጓደኞቹን ሳይጠብቅ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ብሎም ወደ ዳዊት ይሻገራል። ቀድሞ ያወቀው ደግሞ ታናናሾቹን ያስቆጥራል። ፈጣኑ ልጅ ሥራ አይፈታም ማለት ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ገጽ ላይ አብሮ እንዲሄድ ሆነ። ለፈጣኑ የተገኘው መላ «ደብል መምታት» ነበር። ልጁ ክፍል ይዘላል፤ የዘለለው ትምህርት ግን ክፍተት ሆኖ ይቀራል።

ከፋ ላይ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ተጨመረበት። ቤቱ በካፊኖኖ ሲጠይቅ የኖረ ሕፃን ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው አማርኛ ነበር። አንዱ ትምህርቱ ስለቀለለው፣ ሌላው ቋንቋው ስላልገባው፣ ሁለቱም መስኮት ያያሉ። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው! ስንቱ ጎበዝ «ደደብ» ተብሎ ቀርቶ ይሆን?

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ከፋ-ሞቻ ነበር፤ ያኔ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አለ፤ ካፊኖኖም በላቲን ፊደል ክፍል ገባ። በቋንቋ በኩል ያለው እንቅፋት ቀለለ። ሁሉንም በአንድ እርምጃ የማስኬዱ ነገር ግን አልተነካም።

ታዲያ ምን ይሻላል? እኔ ልጁን ክፍል ከማዘለል ጥያቄውን ማክበድ ይሻላል ባይ ነኝ። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የመዘገበው የከፋ ደን ደጃፉ ላይ ነው። «የጫካ ቡና ለምን ጥላ ይወዳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥላ ሥር ያለውንና ፀሐይ ላይ ያለውን ያወዳድር፣ ፍሬውን ይቁጠር፣ ያየውን ይጻፍ። ከዚያ እንደ ቄስ ትምህርት ቤቱ ልጅ ለታናሹ ያስረዳ። ለማስረዳት የሚዘጋጅ ልጅ ለመሰልቸት ጊዜ የለውም። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው «ረባሽ» ከማለት በፊት ቀረብ ብሎ የሚጠይቅ መምህር ነው።